ሼክስፒር በመዳብ ላይ፦ የአንድ ነጋዴ ሕልም፣ የአንድ ጋለሪ ውድቀትና ግድግዳችን ላይ የቀሩት ህትመቶች

የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ወይም የቴአትር ትምህርት ባለበት ዩኒቨርሲቲ ሁሉ አንድ ዓይነት ሥዕል አይጠፋም። ቡናማ ወይም ጥቁር ክፈፍ ውስጥ የገባ፣ ነጭና ጥቁር፣ ትልልቅ ሰዎች እጃቸውን ወደ ሰማይ የዘረጉበት፣ አንዱ የጦር ልብስ ለብሶ በጭጋግ መሃል የቆመበት፣ ሌላው በድንጋጤ ወደ ኋላ የተለጠጠበት። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የቴአትሩ ስም፣ ገቢሩና ትዕይንቱ ተጽፏል። አብዛኞቻችን በስሩ አልፈን ወደ ክፍል ገብተናል እንጂ ቆም ብለን "ይሄ ነገር ከየት መጣ?" ብለን አልጠየቅንም። መልሱ ግን የሚገርም ነው፤ ከእነዚህ ሥዕሎች ብዙዎቹ የመጡት ከአንድ መጽሐፍ ነው። ያ መጽሐፍ ደግሞ በዘመኑ ከነበሩት የእንግሊዝ አሳታሚዎች ሁሉ ሀብታም የነበረውን ሰው ለኪሳራ ዳርጎታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው ጆን ቦይዴል ይባላል። በሽሮፕሸር ተወልዶ በዌልስ ጠረፍ አካባቢ ያደገ የገጠር ልጅ ነው። የሃዋርደን ቤተ መንግሥትን የሚያሳይ አንድ የህትመት ሥዕል አይቶ ልቡ ተነካ፤ በእግሩ ወደ ለንደን ሄዶ ያንን ሥዕል ከቀረጸው ከዊሊያም ቶምስ ዘንድ ተለማማጅ ሆነ። በ1741 የራሱን የመጀመሪያ ሥራ አወጣ። የመሬት ገጽታዎችን የያዘ ትንሽ ጥራዝ ሲሆን በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ ድልድይ ስላለበት "የድልድይ መጽሐፍ" ተባለ፤ ዋጋው አንድ ሽልንግ ነበር። ቦይዴል ራሱ ጥሩ ቀራፂ እንዳልሆነ ቶሎ ገባው። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ችሎታውን አውቆ ወደሚችለው የሚዞር ሰው ስንት አለ? መቅረጹን ለሌሎች ትቶ ወደ ንግዱ ገባ።

ንግዱ ምን እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ የለም። አንድ ትልቅ ሥዕል ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት የሚደርሰው የመዳብ ቀራፂ መስመር በመስመር ገልብጦት፣ ከመዳቡ ላይ በወረቀት ሲታተም ብቻ ነው። ለረዥም ጊዜ ጥሩ ህትመት ማለት የፈረንሳይ ህትመት ነበር፤ እንግሊዞች ገዢ እንጂ ሻጭ አልነበሩም። ቦይዴል ይህን ሚዛን ገለበጠው። በ1761 ዊሊያም ዉሌት የተባለው ቀራፂ የሪቻርድ ዊልሰንን የ"ኒዮቤ" ሥዕል እንዲቀርጽለት አደረገ፤ ህትመቱ ፈረንሳዮችን ራሳቸውን ሳይቀር አስገረመ። ከዚያ በ1776 የቤንጃሚን ዌስት "የጄኔራል ዉልፍ ሞት" በዚያው በዉሌት እጅ ተቀርጾ ወጣ፤ በ1790 ገቢው 15,000 ፓውንድ ገደማ መድረሱ ይነገራል። ለዚያ ዘመን ይህ የማይታመን ገንዘብ ነው። እንግሊዝ ህትመት ከምታስገባ አገርነት ወደምትልክ አገርነት ተሸጋገረች፤ ትልቁ ገበያዋም አህጉረ አውሮፓ፣ በተለይ ፈረንሳይ ሆነ። ይህችን ነጥብ ያዟት፤ ኋላ ላይ ቦይዴልን የምትጥለው እሷ ናት።

ቦይዴል ከበረ። በ1782 የለንደን ከተማ ሹም፣ በ1790 የከተማይቱ ከንቲባ ሆነ።

ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከዚያ በፊት፣ ኅዳር 4 ቀን 1786፣ በወንድሙ ልጅ በጆሳያ ቦይዴል ቤት በተደረገ የእራት ግብዣ ላይ ነው። ሠዓሊዎቹ ዌስት፣ ሮምኒና ፖል ሳንድቢ፣ ገጣሚው ሄይሊ፣ መጽሐፍ ሻጩ ጆርጅ ኒኮልና ሌሎችም ተቀምጠዋል። ወሬው በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሠዓሊዎች ሁሉ የሚያነሱት እሮሮ ነበር፦ "እንግሊዝ ውስጥ ሰው የሚገዛው የራሱን ፊት ብቻ ነው።" እውነት ነው፤ በጣሊያንና በፈረንሳይ ቤተ ክርስቲያንና ንጉሥ ትልልቅ የታሪክ ሥዕል ያሠራሉ፤ በፕሮቴስታንት እንግሊዝ ግን ቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል አይፈልግም፣ ንጉሡም ብዙ አያወጣም። ሠዓሊ እንጀራውን የሚያገኘው ከባለጸጎች መልክ ነው። ታዲያ አንዱ "ሼክስፒርስ?" አለ። ማን እንዳለው ኋላ ላይ ክርክር ተነስቶበታል፤ ኒኮልም የእኔ ሐሳብ ነው ብሏል። የማንም ይሁን የማን፣ ገንዘቡን ይዞ የተነሳው ቦይዴል ነው።

ዕቅዱ ሦስት ነገር ነበር። አንደኛ፣ ሠዓሊዎች ከሼክስፒር ቴአትሮች ትዕይንት እየመረጡ የሚስሏቸው ሥዕሎች የሚሰቀሉበት ቋሚ ጋለሪ። ሁለተኛ፣ በሊቁ ጆርጅ ስቲቨንስ የተዘጋጀ፣ በሥዕል የተጌጠ የሼክስፒር ሙሉ ሥራ እትም። ሦስተኛ፣ ከትልልቆቹ ሥዕሎች የተቀረጹ ህትመቶች ለብቻቸው የተጠረዙበት ግዙፍ ጥራዝ። ጋለሪው ሕዝቡን ይጠራል፣ ሕዝቡ ህትመቱን በቅድሚያ ክፍያ ይገዛል፣ ከህትመቱ የሚገኘው ገንዘብ ሠዓሊውን ይከፍላል። ንጉሥም ጳጳስም የለበትም፤ ገዢው ተራው ሰው ነው። እኔ በበኩሌ ከዚህ ሁሉ ትልቁ ሐሳብ ይህ ይመስለኛል። ሥዕሎቹ ደካማ ናቸው የሚል ብዙ ሰው አለ፤ ስለ አንዳንዶቹ እኔም እስማማለሁ። ግን የአንድ አገር ትልቅ ጥበብ በብዙ ሺህ ትንንሽ ገዢዎች ይቆማል ብሎ ሀብቱን ያስያዘ ሰው ከዚያ በፊት ብዙ አልነበረም።

ክፍያው ራሱ ስለዘመኑ ብዙ ይናገራል። አብዛኛው ሠዓሊ ለአንድ ሥዕል ከ105 እስከ 210 ፓውንድ ያገኝ ነበር፤ ያንኑ ሥዕል መዳብ ላይ የሚገለብጠው ቀራፂ ግን ከ262 እስከ 315 ፓውንድ። አዎ፣ ቀራፂው ከሠዓሊው ይበልጣል። ለአንድ ትልቅ የመዳብ ሰሌዳ ዓመታት ሊፈጅ ይችላልና ምክንያት አለው፤ ነጋዴውም የሚሸጠው ሸራውን ሳይሆን ወረቀቱን ነው። የሠዓሊዎቹ ደረጃም እኩል አልነበረም። የሮያል አካዳሚው ፕሬዝዳንት ሰር ጆሽዋ ሬይኖልድስ መጀመሪያ ላይ "ለህትመት ነጋዴ አልሠራም" ብሎ ነበር ይባላል፤ ቦይዴል 500 ፓውንድ ቅድሚያ ሲያስይዝለት ልቡ ለሰለሰ፤ በ"ማክቤዝ" ላይ ለሠራው ሥዕል 1,000 ጊኒ ነው የተከፈለው (ጊኒ ሃያ አንድ ሽልንግ ነበር)። ደርቢ ከተማ የሚኖረው ጆሴፍ ራይት በአንጻሩ ከሁለተኛው ተርታ መመደቡን ሲሰማ ተቆጣና "ከእነሱ አላንስም" ብሎ ጻፈ፤ ከቦይዴል ጋርም ሳይስማሙ ቀሩ። እንግዲህ የደመወዝ እርከን ጠብ የኛ መሥሪያ ቤቶች ፈጠራ አይደለም።

ከሠላሳ በላይ ሠዓሊዎች ተሳተፉ። ከሴቶች የስዊስ ተወላጇ አንጀሊካ ካውፍማን ሁለት ሥዕል ሠርታለች፤ ከቀራፂዎቹ መካከል ደግሞ ካሮላይን ዋትሰን አለች፤ ወደ እሷ እንመለሳለን።

ጋለሪው ግንቦት 4 ቀን 1789 ለንደን ፓል ማል ላይ ተከፈተ። ሕንጻው በጆርጅ ዳንስ የተነደፈ ሲሆን ከፊት ለፊቱ ቶማስ ባንክስ የቀረጸው የሼክስፒር ሐውልት ተቀምጧል። በመጀመሪያው ቀን 34 ሥዕል ነበረ፤ ከዓመታት በኋላ ቁጥሩ ወደ 170 ተጠጋ። ሰው ጎረፈ። ቦይዴል በካታሎጉ መግቢያ ላይ አስቀድሞ ለሠዓሊዎቹ ይቅርታ ለመነላቸው ማለት ይቻላል፦ ከሼክስፒር ጋር የሚወዳደር እጅ የለምና ሥዕሎቹን ከገጣሚው ጋር አትመዝኑ የሚል ነበር መንፈሱ።

አልሰሙትም። ከሁሉ የከፋው የመጣው ከጄምስ ጊልሬ ነው። በካርቱን ሥራው የታወቀው ይህ ሰው ከቀራፂዎቹ ዝርዝር ስለተተወ ቂም ይዞ ነበር ይባላል። ጋለሪው ተከፍቶ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ በሰኔ 1789፣ አንድ ካርቱን አወጣ፤ ቦይዴል በመሠዊያ ፊት ቆሞ የሼክስፒርን ሥራዎች ያቃጥላል፤ ጭሱ የገጣሚውን ሐውልት ሸፍኖታል፤ ስስት በሰው አምሳል ተቀርጾ የገንዘብ ከረጢት አቅፎ በተመዝጋቢዎች መዝገብ ላይ ተቀምጧል። ለሼክስፒር ፍቅር ብዬ ነው የምትለን፣ የምታመልከው ግን ገንዘብ ነው ማለቱ ነው። ፍርዱ ሙሉ በሙሉ ትክክል አልነበረም፤ ስስታም ሰው ትርፍ ያለውን ይሠራል፣ ቦይዴል ግን የገባበት ጉድጓድ መውጫ አልነበረውም። ቢሆንም ካርቱኑ ዛሬም ከብዙዎቹ ሥዕሎች ይልቅ ይታወሳል። ሹል ብዕር እንዲህ ነው።

ሁለተኛው ትችት ግን ቁም ነገር ነበረው። ሬይኖልድስ "የካርዲናል ቦፎርት ሞት" የሚል ሥዕል አቅርቦ ነበር። ትዕይንቱ ከ"ሄንሪ ስድስተኛ" ሁለተኛ ክፍል ነው፤ በግሎስተር መስፍን ግድያ እጁ ያለበት ካርዲናል በአልጋው ላይ በፍርሃት እየተንቆራጠጠ ይሞታል፤ ወጣቱ ንጉሥ ተስፋ ካለህ እጅህን አንሳ ይለዋል፤ ሰውየው ምንም ምልክት ሳያሳይ ያልፋል። በዚያ ላይ ንጉሡ የሚማጸነው ነፍሱን የከበባት ጋኔን እንዲርቅለት ነው። ሬይኖልድስ ምን አደረገ? ከትራሱ በላይ፣ በጨለማው ውስጥ፣ ጥርሱን ያገጠጠ ጋኔን ሳለ። ተቺዎቹ ጮኹ። ገጣሚው በቃል ምሳሌ የተናገረውን ሠዓሊው እንዴት አካል ይሰጠዋል? ቃሉ በአድማጩ አእምሮ የሚፈጥረውን ፍርሃት ቀንድና ጥርስ አይፈጥረውም አሉ። ከሬይኖልድስ ወዳጆች መካከል እንኳ ይጥፋ ብለው የመከሩት ነበሩ። ሬይኖልድስ ግን ገጣሚው በቃል መጥራት ከቻለ ሠዓሊው ለምን በቀለም አይጠራም በሚል አቋሙ ጸና።

በነገራችን ላይ ከሠዓሊዎቹ ሁሉ ይህን ጥያቄ በትክክል የመለሰው የዙሪኩ ሄንሪ ፉዝሊ ይመስለኛል። "ሃምሌት" ላይ የሠራው የሙት መንፈስ ትዕይንት፣ ሮበርት ቲው በ1796 እንደቀረጸው፣ ዛሬም ሰውን ያስቆማል፤ መንፈሱ ጋሻ ለባሽ ግዙፍ ሆኖ ሲራመድ፣ ሃምሌት ደግሞ ከያዙት ጓዶቹ እጅ ለማምለጥ ሲንፈራገጥ። በ"የበጋ ሌሊት ሕልም" ላይ ያቀረባት ቲታኒያም፣ የአህያ ራስ ያደረገውን ቦተም አቅፋ፣ በትንንሽ መናፍስት ተከባ፣ ቴአትሩን የሚተረጉም እንጂ የሚገለብጥ ሥዕል አይደለም። ፉዝሊ መድረኩን አልሳለም፤ ያነበበውን ሲያነብ ያየውን ነው የሳለው። ሌሎቹ ግን በብዛት የሳሉት ተዋናይ መድረክ ላይ እንደሚቆም ነበር፤ ለዚህ ነው እጆቹ ሁሉ ወደ ሰማይ የሚዘረጉት።

አሁን ወደ መዳቡ እንሂድ፤ የነገሩ ሁሉ እምብርት እሱ ነውና።

የመዳብ ቅርጽ እንዲህ ነው የሚሠራው። ቀራፂው በተወለወለ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ሥዕሉን ገልብጦ (ግራው ቀኝ ሆኖ) በሹል ብረት ይሰነጥቀዋል። ሰሌዳው ላይ ቀለም ይቀባል፣ ከዚያ ገጹ ይጠረጋል፤ ቀለሙ የሚቀረው በስንጥቁ ውስጥ ብቻ ነው። እርጥብ ወረቀት ይደረግበትና በሁለት ከባድ ሲሊንደሮች መካከል ያልፋል፤ ወረቀቱ ወደ ስንጥቁ ገብቶ ቀለሙን ይዞ ይወጣል። ችግሩ መዳብ ለስላሳ መሆኑ ነው። በእያንዳንዱ ህትመት ጥቂት ይበላል። የመጀመሪያዎቹ መቶዎች ጥልቅና ጥርት ያሉ ናቸው፤ እየበዛ ሲሄድ ጥላው ይሳሳል፣ ፊቱ ይገረጣል። ከዚያ ቀራፂው ስንጥቁን እንደገና ያጠልቀዋል፤ በእርግጥ መስመሩ ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው እጅ መስመር አይደለም።

ይህ ስንጥቅ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንዱ በመስመር ነው፤ ረዣዥም፣ የተሰደሩ፣ የሚወፍሩና የሚቀጥኑ መስመሮች፤ ቀርፋፋና ውድ፣ ግን የከበረ። ሌላው በነጥብ ነው፤ ሺህ በሺህ ጥቃቅን ነጥቦች ለስላሳ ጥላ ይፈጥራሉ፤ ፈጣንና ለፊት ቆዳ ተስማሚ፣ ግን ለትልቅ የታሪክ ሥዕል ጉልበት የሚጎድለው። ተመዝጋቢዎች ሲከፍሉ የጠበቁት የመስመሩን ነበር፤ ቦይዴልን ዝነኛ ያደረገው የዉሌት ጥበብ እሱ ነውና። ዓመታት ሲያልፉ ግን ቸኮለ። መቶ ትልልቅ ሰሌዳ በመስመር ማስቀረጽ የአንድ ትውልድ ሥራ ነው፤ ጥሩ ቀራፂ ደግሞ በጣት የሚቆጠር። ስለዚህ ብዙው ወደ ነጥብ ዞረ፤ አንዳንዱም ሁለቱን ቀላቀለ። ተመዝጋቢው በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ቅጠል ሲደርሰው፣ ያውም ለስላሳና የገረጣ ሲሆንበት፣ አጉረመረመ። ብዙዎች ክፍያቸውን አቆሙ። ቅድሚያ ለከፈለውና ሥዕሉን ለዓመታት ለጠበቀው ሰው ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖበት ነበር።

በእትሙ ግን የማያስከፋ ነገር አለ። የቴአትሮቹ ጽሑፍ የታተመው ዊሊያም ቡልመር ለዚሁ ሥራ ባቋቋመው ማተሚያ ቤት፣ ዊሊያም ማርቲን በቀረጸው አዲስ ፊደል ነው። ዘጠኙ ቅጾች ከ1791 እስከ 1802 ወጡ፤ ትልቁ የሥዕል ጥራዝ ደግሞ 1803 የሚል ዓመት ይዟል። ሥዕሎቹን ንቀው ፊደሉንና ወረቀቱን ያደነቁ የመጽሐፍ ወዳጆች ብዙ ናቸው፤ ንጹሕ ገጽ፣ ሰፊ ኅዳግ፣ ጥርት ያለ ፊደል። በእኔ እይታም የጥራዙ ያልተዘመረለት ጀግና ይኸው ነው።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። ጋለሪው የተከፈተው ግንቦት 1789 ነው አልን። ባስቲል የወደቀው በሐምሌ 1789። ሁለት ወር ብቻ! ቦይዴል የዘመኑን ትልቁን የህትመት ፕሮጀክት የጀመረው ትልቁ ገበያው ሊዘጋ ሲል ነበር። በ1793 እንግሊዝና ፈረንሳይ ጦርነት ገቡ፤ ወደ አህጉሩ የሚላከው ህትመት ቆመ። ወጪው ግን አይቆምም፤ ሠዓሊው ይጠብቃል፣ ቀራፂው ይጠብቃል፣ የፓል ማሉ ሕንጻ ኪራይ ይጠብቃል።

በየካቲት 1804 ሽማግሌው ቦይዴል ለፓርላማ አባሉ ለሰር ጆን ዊሊያም አንደርሰን ደብዳቤ ጻፈ። በሕይወት ዘመኑ ለጥበቡ ከ350,000 ፓውንድ በላይ ማውጣቱን፣ ጋለሪውን ለሕዝብ ሊያወርስ አስቦ እንደነበር፣ የፈረንሳይ አብዮት ግን ዕቅዱን እንዳጨናገፈበት ገለጸና አንድ ነገር ለመነ፦ ጋለሪውን በሎተሪ እንዲያወጣ ይፈቀድለት። ፓርላማው ሕግ አውጥቶ ፈቀደለት። 22,000 ትኬት፣ እያንዳንዱ በሦስት ጊኒ፤ ሁሉም አለቀ። ስትደምሩት 69,300 ፓውንድ ይሆናል። ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው እንዳይኖር ትኬት የገዛ ሁሉ ቢያንስ አንድ ህትመት ያገኛል፤ ትልቁ ዕጣ ግን ጋለሪው ከነሥዕሎቹ ነው። ዕዳው ተከፈለ። ቦይዴል ግን ዕጣው ሲወጣ አላየም፤ ትኬቶቹ ተሽጠው ሳለ በታኅሣሥ 1804 ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖት ዐረፈ። ዕጣው የወጣው በጥር 28 ቀን 1805 ነው።

ዕድለኛው ዊሊያም ታሲ የተባለ፣ የከበሩ ድንጋዮችን ቅርጽ እየገለበጠ የሚሸጥ ባለሙያ ነበር። ጆሳያ ቦይዴል መልሶ ልግዛህ ብሎ 10,000 ፓውንድ አቀረበለት፤ ታሲ እምቢ አለ። በግንቦት 1805 ሁሉንም በክሪስቲ ጨረታ ሸጠው፤ ያገኘው ከ6,200 ፓውንድ ያነሰ ነው። ለአንዷ የሬይኖልድስ ሥዕል ብቻ 1,000 ጊኒ የተከፈለበት ስብስብ! ሕንጻውን "ብሪቲሽ ኢንስቲቲውሽን" የተባለው የጥበብ ማኅበር ወሰደው፤ የባንክስ ሐውልት ዛሬ በሼክስፒር የትውልድ ከተማ በስትራትፎርድ ቆሟል። ሥዕሎቹ ተበተኑ። ብዙዎቹ የት እንደገቡ አይታወቅም፤ ምን እንደሚመስሉ የምናውቀው ከመዳቡ ህትመት ብቻ ነው። ቦይዴል ሥዕሉ ዋና፣ ህትመቱ ቅጂ ነው ብሎ ነበር የጀመረው። ጊዜ ቅጂውን ዋና አደረገው።

ቻርልስ ላም የተባለው ደራሲ በእርጅናው ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ በቦይዴል ጋለሪ ላይ ምሬቱን ገልጿል። ክሱ ስለ ሥዕሎቹ ጥራት አልነበረም፤ ለጁልየት አንድ የተወሰነ ፊት መስጠታቸው ነው። ወሰን የሌለውን ነገር አጠሩብኝ ነው የሚለው። ይህን ሳነብ የኛው ነገር ትዝ ይለኛል። ከእኛ ትውልድ ብዙዎቻችን ሃምሌትን፣ ኦቴሎንና ማክቤዝን መጀመሪያ ያገኘናቸው በጸጋዬ ገብረ መድኅን አማርኛ ነው፤ ሮሜዎንና ዡልዬትን ደግሞ በከበደ ሚካኤል። የመጣልን በድምፅ ነው፤ በሥዕል አይደለም። የሃምሌት አባት መንፈስ ለእኔ የፉዝሊ ጋሻ ለባሽ አይደለም፤ በአማርኛ የሚናገር ነው፤ ፊቱን ደግሞ እያንዳንዳችን ከየቤታችን ነው ያመጣንለት። ላም የጎደለበት ይህ ነበር። ሆኖም ሙሉ በሙሉ አልደግፈውም፤ ፉዝሊን ካየሁ በኋላ ቴአትሩን ሳነብ መንፈሱ አልጠበበብኝም፣ እንዲያውም ገዘፈ። ደካማ ሥዕል ነው የሚያጥር።

የመዳብ ሰሌዳዎቹስ ምን ሆኑ? እነሱ አልሞቱም። ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ሲዘዋወሩ ቆይተው አትላንቲክን ተሻገሩ። በኒው ዮርክ ሺርጃሹብ ስፑነር የሚባል የጥርስ ሐኪም (አዎ፣ የጥርስ ሐኪም፤ ስለ ጥርስ ጤናም መጽሐፍ ጽፏል) ያረጁትን ሰሌዳዎች ገዝቶ፣ የተበላውን ስንጥቅ እንደገና አስጠልቆ፣ በ1852 የአሜሪካ እትም ብሎ አወጣቸው። ስለዚህ ዛሬ "የቦይዴል ኦሪጅናል" ተብሎ ከሚሸጠው መካከል በለንደን ሳይሆን በኒው ዮርክ፣ ቦይዴል ከሞተ ከአርባ ሰባት ዓመት በኋላ የታተመ አለበት። ውሸት ነው ማለት አይቻልም፤ መዳቡ ያው ነውና። ያው ነው ማለትም አይቻልም፤ መስመሩን ሌላ እጅ ነክቶታልና።

ከዚያ ፎቶግራፍ መጣ፣ ከዚያም የዛሬው ማተሚያ። አሁን ጥርት ያለ ቅጂ በጥቂት ዶላር ይገኛል። ጥያቄው የያዝነው የትኛው ነው የሚል ነው። ውጭ አገር ካሉ ባልደረቦቻችን አንዳንዶቹ ከአሮጌ መጽሐፍ መደብር እየገዙ ወደ አገር ቤት ስለሚያመጡ፣ የምመለከተውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ጠርዙን በጣታችሁ ዳብሱት፤ ከመዳብ የታተመ ወረቀት ሰሌዳው የረገጠበት ጎድጎድ ያለ አራት ማዕዘን ምልክት ይኖረዋል (ጠርዙ ተቆርጦ ካልሆነ)። ቀጥሎ በማጉያ መስታወት ጥቁሩን እዩት፤ የዘመኑ ማተሚያ ሥራ ከሆነ እኩል የተሰደሩ ነጥቦች ታያላችሁ፤ ከመዳብ ከሆነ ቀለሙ ከወረቀቱ ትንሽ ከፍ ብሎ የተቀመጠ፣ እኩልነት የሌለው መስመር ወይም የእጅ ነጥብ ነው። በመጨረሻ ከሥሩ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ። የእንግሊዝ ሕግ ከ1735 ጀምሮ ለህትመት ሥዕል ባለመብትነት የአሳታሚውን ስምና ቀኑን ይጠይቅ ስለነበር በግራ ሠዓሊው፣ በቀኝ ቀራፂው፣ ከመሃል ሥር ደግሞ የቦይዴሎች ስም፣ ፓል ማልና ቀኑ ይገኛል። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ቀኑ ሰሌዳው የወጣበት እንጂ ያ ወረቀት የታተመበት አይደለም።

አንድ የማልወደውን ነገርም ልናገር። ብዙዎቹ ነጠላ ህትመቶች የመጡት ከተፈረሱ ጥራዞች ነው። ነጋዴ ሙሉ መጽሐፍ ይገዛል፣ ይበጣጥሳል፣ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ይሸጣል፤ ከሙሉው ይልቅ ቅጥልጣዩ ያዋጣዋል። ቦይዴልም ነጠላ ቅጠል ይሸጥ ስለነበር ሁሉም ዘር መጽሐፍ ፈርሶበታል ማለት አይደለም። ግን የመጽሐፉ ሥዕል ከገጹ ሲለይ ከሚቀጥለው ንግግር ይለያል፤ ሃምሌት ማን ሲጠራው ወደ ኋላ እንደተለጠጠ አይታወቅም፤ የሚቀረው የደነገጠ ሰው ነው። ቤተ መጻሕፍት ያላችሁ መምህራን ሙሉ ጥራዝ ቢደርሳችሁ እባካችሁ ለክፈፍ ብላችሁ አትፍቱት።

የሬይኖልድስ ጋኔን መጨረሻም መነገር አለበት። በ1805ቱ ጨረታ "የካርዲናል ቦፎርት ሞት"ን የገዛው የኤግረሞንት ኤርል ነው፤ ሥዕሉ እስከ ዛሬ በፔትወርዝ ቤት ይገኛል። በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ ቫርኒሽ በቫርኒሽ ላይ፣ እድሳት በእድሳት ላይ ሲደራረብ ጋኔኑ ጠፋ፤ ከትራሱ በላይ የሚታየው ጨለማ ብቻ ሆነ። ተቺዎቹ በመጨረሻ የፈለጉትን ያገኙ ይመስል ነበር። በ2023፣ ሬይኖልድስ የተወለደበት 300ኛ ዓመት ሲከበር፣ ባለሙያዎች ሥዕሉን ሲያጸዱት ጥርሱን ያገጠጠው ፊት ከጨለማው ውስጥ ወጣ። ጋዜጦች እንደ አዲስ ግኝት ጻፉት። ካሮላይን ዋትሰን በነጥብ ከቀረጸችው ሰሌዳ በቀደሙት ህትመቶች ላይ ግን ጋኔኑ ያን ጊዜ ሁሉ በቦታው ነበር፤ ከካርዲናሉ ትራስ በላይ፣ ልክ ሬይኖልድስ ያስቀመጠው ቦታ ላይ።